ልጆቹን ጠየቋቸው፤ ግማሾቹ «ይቅርብን» አሉ

በጁላይ 2025 የብሪታንያ መንግሥት አንድ ውሳኔ ይፋ አደረገ። ከሚቀጥለው አገር አቀፍ ምርጫ ጀምሮ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ድምፅ መስጠት ይችላል አለ። (ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ግራ እንዳትጋቡ።) ፖለቲከኞቹ ወዲያው ተያያዙት። መንግሥት ዴሞክራሲያችንን እናድሳለን አለ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ገዥው ሌበር ፓርቲ ለራሱ መራጭ እየመለመለ ነው አሉ። በዚህ መሀል አይቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ብልህ ነገር አሰበ። ልጆቹን ራሳቸውን አስጠየቀ። 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው 500 ልጆች «የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ይውረድ?» ተባሉ። 51 በመቶዎቹ ይውረድ አሉ። 49 በመቶዎቹ አይውረድ።

እስቲ አስቡት። መብት በሰሃን ቀርቦላቸው ግማሾቹ «ይቅርብን» አሉ። ነገ ምርጫ ቢኖር በእርግጠኝነት እመርጣለሁ ያሉት ደግሞ 18 በመቶ ብቻ ናቸው። ሐሳቡን ለሚቃወሙ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም። ልጆቹ ራሳቸው ካልፈለጉት እናንተ ምን አገባችሁ ማለት ይቻላል።

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ነው የምትማረው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ቡና እየተፈላ ጠየቅኋት። «በ16 ዓመትሽ ምረጪ ብትባዪ ትመርጫለሽ?» ሳቀች። «አጎቴ ደግሞ! ገና ማትሪክ ሳልወስድ አገር ልምራ?» አለች። ትንሽ ቆየችና ስኒ እያቀረበች «ተሳስቼ ብመርጥስ?» አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እኔ በሕይወቴ ድምፅ ልሰጥ ስሄድ «ተሳስቼ ብመርጥስ» ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሌላ አዋቂ ሲጠይቅም ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት ያለውን ሰምተን፣ ሬዲዮ ላይ የተናገረውን ሰውዬ ድምፁን ወደነው፣ ወይም በንዴት፣ ሄደን ምልክት አድርገን እንመጣለን። ልጅቷ ግን ድምፅን እንደ ፈተና ነው የምታየው። ሳይዘጋጁ የማይገቡበት፣ ከወደቁ የሚያሳፍር። እንግዲህ ከብሪታንያዎቹ 49 በመቶ ውስጥ ስንቱ እንደ እሷ እንደሚያስብ አላውቅም። ግን «አይውረድ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ «አያገባኝም» ማለት እንዳይደለ ገባኝ። አንዳንዱ «አላዘጋጃችሁኝም» እያለ ነው።

ልጆቹን አዘጋጅቶ ያስመረጠ አገር አለ ወይ ካላችሁ፣ አለ። እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ነው፣ ስኮትላንድ።

በሴፕቴምበር 2014 ስኮትላንድ «ነፃ አገር እንሁን ወይስ ከብሪታንያ ጋር እንቆይ» ብላ ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች። ለዚያ ድምፅ ብቻ ተብሎ ዕድሜው ወደ 16 ወረደ። ብዙ ሰው ተጠራጥሮ ነበር። ልጆቹ አይወጡም፣ ከወጡም ወላጅ ያላቸውን ይደግማሉ ተባለ። የሆነው ሌላ ነው። የአገሪቱ ምርጫ ኮሚሽን ከድምፁ በኋላ ባስጠናው ጥናት ከ16 እና 17 ዓመቶቹ 75 በመቶ የሚሆኑት መርጠናል አሉ። ከ18 እስከ 24 ከሆኑት ታላላቆቻቸው መርጠናል ያሉት 54 በመቶ ናቸው። ታናናሾቹ ታላላቆቹን በሃያ ነጥብ በለጡ።

ወላጅን መድገም የሚለውም አልሆነም። ከሕዝበ ውሳኔው አንድ ዓመት በፊት የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆችንና ወላጆቻቸውን አብረው ጠይቀው ነበር። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች ያሰቡት ምርጫ ከተጠየቀው ወላጃቸው የተለየ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ ቁጥሩ አልነበረም። አንድ ቤት እራት ላይ ተቀምጠው አባት «አይ» ልጅ «አዎ» እያሉ ወጥ ሲቀዘቅዝባቸው በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። (ወጥ አይበሉም፤ ግን ገብቷችኋል።)

ታዲያ ለምን ወጡ? ጉዳዩ ትልቅ ነበር፤ አገር ሊከፈል ነው ሲባል ማንም ዝም አይልም። ትምህርት ቤቶቹም ክርክር አዘጋጁ፣ መምህራኑ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አቀረቡ። ልጁ ክፍል ውስጥ የሰማውን ቤት ይዞ ይመጣል፣ ቤት የሰማውን ክፍል ይዞ ይሄዳል። ድምፅ መስጫው ጣቢያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰፈር ውስጥ ነው፤ እናቱ ወይም አባቱ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል። በቃ፣ ብቻውን አይደለም።

ውጤቱ ፖለቲከኞቹንም ለወጠ። የስኮትላንድ ወግ አጥባቂዎች መሪ የነበረችው ሩት ዴቪድሰን ዕድሜው መውረዱን ከተጠራጠሩት መካከል ነበረች። ልጆቹ ሲከራከሩ ካየች በኋላ ደጋፊ ሆነች። በ2015 የስኮትላንድ ፓርላማ ለራሱና ለአካባቢ ምርጫዎች ዕድሜውን በቋሚነት ወደ 16 ሲያወርድ አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ የበለጠውን ነገር አሳየ። በ16 ዓመታቸው መምረጥ የጀመሩት ሃያዎቹ ውስጥ ከገቡም በኋላ፣ በ18 ከጀመሩት ይልቅ ድምፅ መስጠታቸውን ቀጥለዋል። ልማድ ሆነባቸው።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ጽሑፌን እዚህ እዘጋው ነበር። ግን ዌልስ አለች።

ዌልስም በ2020 ሕግ አውጥታ ዕድሜውን ወደ 16 አወረደች። የመጀመሪያው ምርጫ በሜይ 2021 ሆነ። ኮቪድ ነው፣ ትምህርት ቤቱ እየተዘጋ እየተከፈተ ነው፣ ቅስቀሳው ቀዝቅዟል፣ በር የሚያንኳኳ ብዙም የለም። ምን ሆነ? ከ16 እና 17 ዓመቶቹ የተመዘገቡት እንኳ ግማሽ አልሞሉም። ተመራማሪዎች ልጆቹን ሲያነጋግሯቸው ብዙዎቹ ስለ ምርጫው በቂ ነገር አልተነገረንም አሉ። ሕጉ የስኮትላንዱ ዓይነት ነው፣ ዕድሜው ያው ነው፣ የብሪታንያ ልጆችም ናቸው። የጎደለው አብሯቸው የሚሄድ ሰው ነው።

ለዚህ ነው «16 ዓመት የልጅ ጭንቅላት ነው ወይስ የአዋቂ» የሚለው ክርክር ብዙም የማይማርከኝ። ቢሆንም ሳይንሱን መዝለል አይገባም። ላውረንስ ስታይንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ሲያጠና ኖሯል። የሱ አነጋገር ሲቀል እንዲህ ነው። ሰው ሁለት ዓይነት ውሳኔ አለው። አንዱ የጋለ ነው፤ ጓደኛ እያየህ፣ ልብህ እየመታ፣ በቅጽበት የምትወስነው። መኪና አፍጥኖ መንዳት፣ ጠብ ውስጥ መግባት። ሌላው የቀዘቀዘ ነው፤ ጊዜ ወስደህ፣ መረጃ አይተህ፣ ተረጋግተህ የምትወስነው። ለጋለው ውሳኔ የሚያስፈልገው ብስለት እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ይዘገያል። ለቀዘቀዘው ግን 16 ዓመት አካባቢ የአዋቂ ደረጃ ይደረሳል። ድምፅ መስጠት ደግሞ ከቀዘቀዙት ነው። ቅስቀሳው ወራት ይፈጃል፣ ከዚያ ለብቻህ መጋረጃ ውስጥ ትገባለህ። ስለዚህ ያው ልጅ ሞተር ለመንዳት ገና፣ ለመምረጥ ግን የደረሰ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሲሰሙት ይቃረናል፣ ሲያስቡት ይገጥማል።

ኦስትሪያ ይህን ቀድማ ሞክራዋለች። በ2007 ሕግ አውጥታ በ2008 የ16 ዓመት ልጆችን በአገር አቀፍ ምርጫ አሳተፈች፤ በአውሮፓ የመጀመሪያዋ ናት። የቪየና ተመራማሪዎች የልጆቹ ምርጫ ከሐሳባቸው ጋር ይገጥም እንደሆነ መረመሩ። ከታላላቆቻቸው ያነሰ ሆኖ አላገኙትም። አንዲት ጨዋታ ልጨምር። በዚያው የሕግ ማሻሻያ የፓርላማው ዘመን ከአራት ዓመት ወደ አምስት ረዝሟል። ለልጆቹ ድምፅ ሰጡ፣ ለራሳቸው አንድ ዓመት ጨመሩ። ፖለቲከኛ የትም አንድ ነው።

ፖለቲከኛ ካልን አይቀር ወደ ስሌቱ እንምጣ። ዕድሜው ይውረድ የሚሉ ፓርቲዎች ብዙ ጊዜ ልጆቹ የእኛ ናቸው ብለው ነው። ይህ ስሌት ጀርመን ላይ ክፉኛ ተሳስቷል። አረንጓዴዎቹ (የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲው) ለዓመታት ዕድሜው ይውረድ ሲሉ ከነበሩት ግንባር ቀደም ናቸው። በ2019ኙ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ከ25 ዓመት በታች ካሉ መራጮች ሲሶ ያህሉን አግኝተው ነበር። የአየር ንብረት ሰልፍ የደራበት ዓመት ነው። በጁን 2024 በዚያው ምርጫ የ16 ዓመት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ። አረንጓዴዎቹ ከወጣቶቹ ያገኙት 11 በመቶ ሆነ። ቀኝ አክራሪው ኤኤፍዴ 16 በመቶ አፈሰ። በየቦታው «ወጣቱ ወደ ቀኝ ዞረ» ተብሎ ተጻፈ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ በፌብሩዋሪ 2025 የፌዴራል ምርጫ መጣ። እዚያ የመምረጫ ዕድሜው አሁንም 18 ነው፤ ለመቀየር ሕገ መንግሥቱን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሻሻል ይጠይቃል። ከ18 እስከ 24 ካሉት አንደኛ የወጣው ማን ነው? ግራ ፓርቲው፣ በ25 በመቶ። ኤኤፍዴ ተከተለው። አረንጓዴ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ቦታ። ልጆቹን ኪሱ ያስገባ ፓርቲ የለም፣ ኪሱ የገቡ የመሰለው ግን ብዙ ነው።

እነዚህ ልጆች ሁሉ ሲሰጣቸው ብቻ የሚቀበሉ አይደሉም። ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ የወጣቶች ቡድን ተነስቶ መንግሥትን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክራቸው ቀላል ነበር። የአገሪቱ የመብቶች ሕግ ከ16 ዓመት ጀምሮ ያለን ሰው በዕድሜ ምክንያት አድልዎ እንዳይደርስበት ይጠብቃል። ታዲያ በ16 አትመርጥም ማለት አድልዎ ካልሆነ ምንድነው? በኖቬምበር 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ ፈረደ። መንግሥት ልዩነቱ ተገቢ መሆኑን አላስረዳም አለ። በማግሥቱ ሕጉ የሚቀየር ይመስል ነበር። ግን ፍርድ ቤቱ መናገር እንጂ ሕጉን መሻር አይችልም። ለመቀየር ከፓርላማው ሦስት አራተኛ ወይም የሕዝበ ውሳኔ አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል። መንግሥት ተቀየረ፣ ለአካባቢ ምርጫ ብቻ ተብሎ የቀረበው ረቂቅ እንኳ በ2024 መጀመሪያ ተነሳ። ፍርዱ አለ፣ ዕድሜውም 18 ላይ አለ።

«ይቅርብን» ያሉትን ልጆችና «ስጡን» ያሉትን ሁለቱንም ያስታረቀ አገር ካለ ብራዚል ናት። እዚያ አዋቂ ሰው ድምፅ መስጠት ግዴታው ነው፤ ካልመረጠ ይቀጣል። የ1988ቱ ሕገ መንግሥት ግን ለ16 እና ለ17 ዓመቶቹ በፈቃድ አደረገው። የፈለገ ይመዘገባል፣ ፈራሁ ያለ ሁለት ዓመት ይቆያል። በ2022 ምርጫ አኒታን የመሳሰሉ ዘፋኞች ልጆቹን ተመዝገቡ ብለው ቀሰቀሱ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆች ካርድ ይዘው ተገኙ። የእህቴ ልጅ ብራዚል ብትሆን «ተሳስቼ ብመርጥስ» ለሚለው ጥያቄዋ ጊዜ ይሰጣት ነበር።

18 ራሱ ከየት መጣ? ከሰማይ የወረደ አይመስላችሁ። ብዙ ቦታ ቁጥሩ 21 ነበር። ብሪታንያ በ1969 ወደ 18 አወረደችው። አሜሪካ በ1971፣ በቬትናም ጦርነት መሀል። ልጆቹ በ18 ዓመታቸው ለውትድርና ይጠራሉ፣ ሬሳቸው በሳጥን ይመጣል፣ መምረጥ ግን አይችሉም። «ለመዋጋት ከደረስን ለመምረጥም ደርሰናል» አሉ። ሃያ ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኮንግረስ ካሳለፈው በኋላ በመቶ ቀናት ገደማ ክፍለ ግዛቶቹ አጸደቁት፤ ከዚያ በፍጥነት የጸደቀ የለም። ጃፓን ከ20 ወደ 18 የወረደችው ገና በ2016 ነው። ማሌዢያ ከ21 ወደ 18 የሚለውን በ2019 ነው የወሰነችው። ካሜሩን ውስጥ አሁንም 20 ነው። ቁጥሩ ሁሌም ሲንቀሳቀስ የኖረ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ወደ 16 የወረደችው የመጀመሪያዋ ከተማ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለችም። ታኮማ ፓርክ ናት፣ ሜሪላንድ። ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ። የሐበሻ ምግብ ቤትና እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ከማይጠፋበት አካባቢ። በ2013 ለከተማ ምርጫ ዕድሜውን ወደ 16 አወረደች። በዚያው ዓመት ከተመዘገቡት የ16 እና 17 ዓመት ልጆች 44 በመቶ መረጡ። ከጠቅላላው የተመዘገበ መራጭ የወጣው ግን ከአሥር አንዱ ያህል ነው። ከተማዋ ሌላም ነገር አላት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም በከተማዋ ምርጫ ይመርጣሉ። ስለዚህ እዚያ የምትኖር አንዲት ሐበሻ እናት ግሪን ካርዷን ይዛ፣ የ16 ዓመት ልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ተሸክሞ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከንቲባ ሊመርጡ ይችላሉ። ማን ማንን ያስረዳል? ሳልገምት ልለፈው።

እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችንም ቢሆኑ ነገሩን ያውቁታል። ለክኔሴት፣ ማለትም ለፓርላማው፣ 18 ነው፣ ለከተማ ምርጫ ግን 17 ዓመት ይበቃል።

አሁን ወደ ቤት። ኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜው ይውረድ የሚል ትልቅ ክርክር የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ 18 ይላል፣ ለመመረጥ ደግሞ 21 መሙላት ያስፈልጋል፣ እዚያው ላይ ቆመናል። ግን አገሪቱ በዕድሜ ምን እንደምትመስል አስቡ። ሕዝቡን በዕድሜ ብታሰልፉት መሀል ላይ የሚቆመው ሰው 19 ዓመት ገደማ ነው። ጃፓን ቢሆን ሃምሳን ይጠጋል። እኛ ጋ እንግዲህ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ለመምረጥ አልደረሰም። ልጆችን የሚመለከት ማንኛውም ነገር፣ የትምህርቱ ፖሊሲ፣ የፈተናው አሰጣጥ፣ የሚወሰነው በሌላው ግማሽ ነው።

ደግሞ ሕጋችን ልጁን ቀድሞ አዋቂ የሚያደርግባቸው ቦታዎች አሉ። የ2004ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በ15 ዓመት መቀጠርን ይፈቅዳል። በወንጀል ሕጉ 15 ዓመት የሞላው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፣ ዕድሜው ቅጣት ያቀልለት እንደሆነ እንጂ። ደመወዙ ላይ ግብር ሊቆረጥበት፣ ችሎት ሊቆም ይችላል። ካርድ ሊያወጣ ግን አይችልም።

ታሪካችንም እንዲሁ ነው። በ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መምረጫው 21 ዓመት ነበር። ያኔ አገሩን ያናወጠው ግን ማን ነው? ተማሪው። በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ከዩኒቨርሲቲው ነበሩ፤ በአብዮቱ ዋዜማ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም አደባባዩን ሞልተውታል። ከዚያ ደርግ መጣና እነዚያኑ ተማሪዎች «እድገት በኅብረት» ብሎ ወደ ገጠር አዘመታቸው። አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልና ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ 60 ሺህ ሰው። ገበሬውን እንዲያደራጁ፣ ስለ መሬት አዋጁ እንዲያስረዱ፣ ፊደል እንዲያስቆጥሩ። ከእነሱ ውስጥ ብዙው የእህቴን ልጅ የሚያህል ነበር። ለገበሬው መሬት ሲያከፋፍል ብስለቱን የጠየቀ የለም። ድምፅ ስጥ ያለውም የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ስለዚህ ነገ ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 16 ይውረድ» እላለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልልም። አንድ ተራ ግን ከባድ ችግር አለ፤ ዕድሜን ማን ያውቃል? የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው እናቱ «ያ ክረምት የከበደበት ዓመት» የምትለው ነው። በምዝገባ ጊዜ ማስረጃ የሌለው ሰው በሰው ምስክርነት ይመዘገባል። 18 እና 17ን መለየት የሚከብደው መዝጋቢ 16 እና 14ን እንዴት ሊለይ ነው? በፊት ጢም?

ዕድሜ ለእኛ እንደ ላስቲክ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት ወደ አረብ አገር የሄዱ ልጆች ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመቷ የሆነች ልጅ ፓስፖርቷ ላይ ሃያ ምናምን ተጽፎ ስንት ጊዜ ተሸኝታለች። በወረቀት አዋቂ፣ በአካል ልጅ። ቤይሩት ወይም ሪያድ ገብታ ቤተሰብ ታስተዳድራለች፣ ለወንድሟ የትምህርት ቤት ትልካለች፣ ለአባቷ ቤት ታሠራለች። ውጭ ያለ ሰው ድምፅ የሚሰጥበት አሠራር ስለሌለ ግን ወረቀቷ የሰጣት ዕድሜም ለምርጫ አይጠቅማትም።

እኔ የምለው ከዚህ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። 18 ዓመት ለመጀመሪያ ድምፅ ምቹ ዕድሜ አይደለም። አስቡት፣ የእኛ ልጅ 18 ሲሞላው ምን ይሆናል? የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይደርሰዋል። ከደሴ ጅማ፣ ከአርባ ምንጭ ባሕር ዳር። ፍራሽና ባልዲ ገዝቶ ዶርም ይገባል፣ ስድስት ልጅ ባለበት ክፍል። ከተማውን አያውቅም፣ ተወዳዳሪዎቹን አያውቅም። ለተማሪዎች ልዩ ምርጫ ጣቢያ ይቋቋማል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ድምፁ ስለ የትኛው ቀበሌ ውሃ እንደሆነ ለሱም ግልጽ አይደለም። ምደባ ያልደረሰው ደግሞ ሥራ ፍለጋ ከተማ ቀይሯል። ስኮትላንድ ውስጥ የ18 ዓመቶቹ ከ16ቶቹ ያነሱበት ምክንያት በከፊል ይኸው ሳይሆን አይቀርም። 16 ዓመት ላይ ልጁ ቤቱ ነው። የሰፈሩ መንገድ ስንት ዓመት እንደተቆፈረ ያውቃል። የሚጠይቀው መምህር አለው፣ የሚከራከረው አባት አለው። ስለ ቀበሌና ስለ ወረዳ ምርጫ ከሆነ የምናወራው፣ ከ18 ዓመቱ የዶርም ልጅ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ትምህርቱም አለ። የሥነ ዜጋ መጽሐፋችን ላይ የመምረጥ መብት ምን እንደሆነ ተጽፏል፤ ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ «ሀ» ወይም «ለ» ብለው ያከብባሉ። የምርጫ ክልላቸው ስሙ ማን እንደሆነ፣ ምዝገባ የት እንደሚደረግ፣ አሁን ያለው ተወካያቸው ማን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ግን ይቸገራሉ። የእህቴን ልጅ ጠይቄያት ነበር። አላወቀችም። እናቷን ጠየቅኋት። እሷም አላወቀችም፤ ካርድ አውጥታ መርጣለች ግን።

ያን የአይቲቪ ጥናት እንደገና ሳየው አንድ ነገር አስተዋልኩ። የብሪታንያ ቀጣይ ምርጫ እስከ 2029 ሊቆይ ይችላል። ያኔ እነዚያ የተጠየቁት 500 ልጆች ሃያና ሃያ አንድ ይሆናሉ። ዕድሜው ቢወርድም ባይወርድም መምረጥ ይችላሉ፤ ያስጨነቃቸው ጉዳይ እነሱን አይነካም። የሚነካው ማስታወቂያው ሲነገር 12 እና 13 ዓመት የነበሩትን ነው። እነሱን የጠየቃቸው የለም።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። እሷም ታናሽ ወንድም አላት፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ኳስ እየተጫወተ ነበር። «እሱን ብትጠይቀው» አለችኝ «አሁኑኑ ካርድ ስጡኝ ነው የሚልህ»።